ሬሳው ሳይከፈት

"ችግር ተኮር ትምህርት" የሚለው ስም በየሥርዓተ ትምህርት ስብሰባው ይነሳል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። አሁን በማስተማር ላይ ያላችሁት እንድታዩት ታሪኩን እዚህ ላስቀምጥ።

የተጀመረው በሰው ሕክምና ነው። ካናዳ ያለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያ የሕክምና ተማሪዎቹን ሲቀበል፣ አናቶሚውን ለብቻ፣ ፊዚዮሎጂውን ለብቻ ከመስጠት ይልቅ ጥቂት ተማሪዎችን በአንድ በሽተኛ ታሪክ ዙሪያ አስቀመጠ። መምህሩ መልስ አይሰጥም፣ ይጠይቃል። የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ በኋላ ስለዘዴው እየጻፈ አስፋፋው። በ1979 ደብረ ዘይት ላይ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ነገሩ 10 ዓመት ሆኖት ነበር። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ዘገዩ፤ ኮርኔል በዚህ መንገድ የተለወጠው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ካሊፎርኒያ ፖሞና ያለው ኮሌጅ ደግሞ በ2003 ሲከፈት ከመጀመሪያው በዚሁ ጀመረ።

መዘግየቱ ይገርመኛል፤ የኛ በሽተኛ እንደሆነ አይናገርም፣ ሁሌም ችግር ሆኖ ነው የሚመጣው።

አንድ ኬዝ ላንሳ። በሬ ጠዋት በረት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከአፍንጫው ያልረጋ ደም ይወጣል፣ ባለቤቱ ሥጋውን ለጎረቤት ሊያካፍል ቢላ እየሳለ ነው። በሌክቸር የተማረው ልጅ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ስምና ቅርጽ ይነግራችኋል። ኬዙን ይዞ የተቀመጠ ቡድን ግን መጀመሪያ የሚጋፈጠው ውሳኔ ነው፦ ሬሳው ይከፈት? አይከፈትም። ለምን? ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ስፖር ይሠራል፣ ስፖሩም አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ታዲያ ሳይከፈት በምን ይታወቃል? ከጆሮ በተወሰደች የደም ጠብታ፣ በማይክሮስኮፕ። ማይክሮባዮሎጂው፣ ፓቶሎጂው፣ የሕዝብ ጤናው ተያይዘው መጡ። ባለቤቱን እንዴት አድርጎ ማሳመን እንደሚቻልም አብሮ መጣ (ይሄኛው በኛ ጊዜ ምዕራፍ አልነበረውም)።

ዋጋው ቀላል አይደለም። 80 ተማሪ በአንድ አዳራሽ አንድ መምህር ይበቃዋል፤ ስምንት ስምንት ሆነው ሲቀመጡ 10 መምህር ይፈልጋሉ። በ1993 በሰው ሕክምና የወጡ ግምገማዎችም ነገሩን አላሞገሱትም ማለት ባይቻልም፣ ተማሪዎቹ በክሊኒክ ሥራ ጥሩ ሆነው በመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና አንዳንዴ ዝቅ እንደሚሉ አሳይተዋል።

የኔ ስጋት ሌላ ነው። ኬዝ ተጨምሮ የሌክቸሩ ሰዓት ሳይነካ ከቀረ፣ ፈተናውም ያው "ዘርዝር" የሚል ከሆነ፣ ተማሪ ሞኝ አይደለም፤ ቡድኑን ትቶ ሃንድአውቱን ይሸመድዳል።