«የፈረንጅ ዶሮ» ማለት ምን ማለት ነው?
ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዙሪያ ዶሮ የሚገዛ ሰው «የአበሻ ናት የፈረንጅ?» ይላል። «የፈረንጅ» የሚለው ስም ግን ሁለት የተለያዩ ዶሮዎችን ይጠራል፦ የእንቁላሏንና የሥጋዋን። የሥጋዋ በደንብ ከተመገበች በ6 ሳምንት 2 ኪሎ ታልፋለች። «በመርፌ ነው» የሚባለው ሐሜት ነው። የጡንቻ ክሮቿ ብዛት በአብዛኛው ከመፈልፈሏ በፊት ይወሰናል፤ በኋላ ክሮቹ ይወፍራሉ። የእድገቱን ፍጥነት ብዙ ጂኖች በጥቂት በጥቂቱ ይወስናሉ፤ ማዮስታቲን የተባለው ፍሬን ይይዛል። አርቢዎች ለአሥርት ዓመታት ፈጣኖቹን እየመረጡ አራቡ፤ ምስጢሩ ይኸው ነው። ምርጫው ደግሞ የፈረንጅ ርስት አይደለም፦ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእኛኑ የሆሮ ዶሮ በ16 ሳምንት ክብደቷና በእንቁላሏ እየመረጠ አርብቷል። እናም ገዢዎች ሆይ፣ ሻጩን «የሥጋ ናት የእንቁላል?» ብላችሁ ጠይቁት።