አሥር ኪሎ ሜትር በአሥራ ሦስት ዓመት
የጆኒ ብራይት ታሪክ

ይህ መጽሐፍ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ጓደኞቻችን ስለ ግቢያችን፣ ስለ መምህሮቻችንና ከዚህ ተምረው ለቁም ነገር ስለበቁት ታላላቆቻችን ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ከታሪክ የመረጥነው አንድ የሩቅ አገር ስፖርተኛ ነው። በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ፣ በጆኒ ብራይት ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ብራይት ግን የታወቀው ኳስ ታቅፎ በመሮጥ ነበር። ታዲያ የሯጭ ስም ለትምህርት ቤት የተሰጠው ስለ ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የካናዳ ፉትቦል እኛ በየሜዳው ከምንጫወተው እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፤ ታቅፈውትም ይሮጣሉ። በአንድ ወገን 12 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ሜዳው 110 ያርድ ይረዝማል። አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል። ኳሱን የያዘው ወገን በሦስት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ወደ ባላጋራው ይሄዳል። ስለዚህ ኳሱን ታቅፎ የተቃራኒውን ሰልፍ የሚጥስ ብርቱ ሯጭ ያስፈልጋል። የዚህ ሰው ዕጣ ጥቂት ሮጦ በሁለትና በሦስት ሰው ተይዞ መውደቅ፣ ተነሥቶም እንደገና መሮጥ ነው።

ጆኒ ብራይት ጁን 11 ቀን 1930 በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት፣ በፎርት ዌይን ከተማ ተወለደ። በአዮዋ ግዛት በሚገኘው በድሬክ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ትምህርት እየተማረ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ይጫወት ነበር። በ1949 እና በ1950 በሩጫና በውርወራ ባስገኘው የያርድ ድምር ከአገሩ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ነገር ግን ብራይት ጥቁር ነበር፤ በዚያን ዘመን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ሕግ ይከለክል ነበር።

ኦክቶበር 20 ቀን 1951 የድሬክ ቡድን ከኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ጋር ለመጫወት ወደ ስቲልዋተር ከተማ ሄደ። ብራይት ጨዋታውን አይጨርስም የሚል ወሬ አስቀድሞ ይነገር ነበር፤ ወሬውም እውነት ሆነ። ጨዋታው በተጀመረ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ከተቃራኒው ወገን አንድ ተጫዋች ሦስት ጊዜ መትቶ ራሱን አሳተው፤ በመጨረሻውም ምት መንጋጋው ተሰበረ። ብራይት ግን ወዲያው አልወጣም። መንጋጋው እንደ ተሰበረ ኳሱን 61 ያርድ ወርውሮ ለጓደኛው አደረሰለትና ቡድኑ ነጥብ አገኘ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ስለ ጠናበት ሜዳውን ለቆ ሄደ። ኦክላሆማም 27 ለ 14 አሸነፈ።

በዚያ ቀን ዶን አልታንግና ጆን ሮቢንሰን የተባሉ የዴ ሞይን ሬጂስተር ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነገሩን በተከታታይ አንሥተውት ነበር። ፎቶግራፎቹ እንደሚያሳዩት ምቱ የደረሰበት ኳሱን ለጓደኛው ካስረከበ በኋላ፣ ከኳሱ ርቆ ሳለ ነው። ስለዚህ በጨዋታ መካከል የደረሰ አደጋ ነው ብሎ መሸፈን አልተቻለም። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሥራቸው በ1952 የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበሉ። ዳሩ ግን ማስረጃው ፍርድ አላመጣም። የሊጉ ማኅበር እርምጃ ለመውሰድ ስላልፈቀደ ድሬክ ዩኒቨርሲቲ ከማኅበሩ ወጣ፤ ብራድሊ ዩኒቨርሲቲም ተከተለው።

በ1952 የፊላደልፊያ ኢግልስ ቡድን ብራይትን ከአገሩ ወጣት ተጫዋቾች መካከል አምስተኛ አድርጎ መረጠው። ይህ ቡድን እስከዚያ ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረውም። ብራይት ከደቡብ ግዛቶች የሚመጡት ጓደኞቹ እንዴት አድርገው እንደሚቀበሉት ስለ ሠጋ፣ ጥሪውን ትቶ በካናዳ ለካልጋሪ ስታምፒደርስ ገባ። ይህን ስናጠና በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን «ሸሸ እንጂ ምን አደረገ? ቆሞ መታገል ነበረበት» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሰው የሚሠራበትን ቦታ መምረጡ ሽሽት አይባልም» አልን። መልሱ ያለው ከዚያ በኋላ በሠራው ሥራ ላይ ነው።

ብራይት በመጀመሪያው ዓመት በምዕራብ ካናዳ ሊግ በሩጫ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ግን ጉዳት ስለ በዛበት ካልጋሪ በ1954 ለኤድመንተን ቡድን አሳልፎ ሰጠው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ብዙ ሰዎች ከእንግዲህ አይረባም ሳይሉ አልቀሩም። በኤድመንተን ግን ከጃኪ ፓርከርና ከቻይናውያን ወላጆች ከተወለደው ከኖርሚ ክዎንግ ጋር ተሰልፎ፣ ቡድኑ በ1954፣ በ1955 እና በ1956 ግሬይ ካፕ የተባለውን የካናዳ ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። በ1956 ሞንትሪያልን 50 ለ 27 ሲያሸንፉ ብራይት ብቻውን 171 ያርድ ሮጧል። በ1958 በአንድ ዓመት 1,722 ያርድ ሮጠ፤ በ1959 የሊጉ ከፍተኛ ተጫዋች ተብሎ ሲሸለም፣ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በ1964 ጨዋታ ሲያቆም ድምሩ 10,909 ያርድ ደርሶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በሊጉ ከእርሱ የበለጠ የሮጠ አልነበረም።

ይህን ቁጥር ወደ ሜትር ብንለውጠው 9,975 ይሆናል፤ አሥር ኪሎ ሜትር ሊሞላ 25 ሜትር ብቻ ይጎድለዋል። የአገራችን ታላላቅ ሯጮች ይህን ያህል መንገድ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ብራይት ግን 13 ዓመት ፈጀበት። ኳሱን ታቅፎ የተነሣው 1,969 ጊዜ ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው መንገድ አምስት ሜትር ያህል ብቻ ነው። አምስት ሜትር ይሄዳል፣ ይጥሉታል፤ ይነሣል፣ አምስት ሜትር ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለእርሱ የተነገረ ይመስላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ብራይት በእነዚያ ዓመታት ተጫዋች ብቻ አልነበረም። በተማረው ሙያ በኤድመንተን ያስተምር፣ ወጣቶችንም በስፖርት ያሠለጥን ነበር። በ1962 የካናዳ ዜግነት ተቀበለ። ጨዋታ ካቆመ በኋላም ማስተማሩን ቀጥሎ፣ ዲ. ኤስ. ማኬንዚና ሂልክሬስት በተባሉት ትምህርት ቤቶች ዲሬክተር እስከ መሆን ደረሰ። ዲሴምበር 14 ቀን 1983 ከጨዋታ ዘመኑ የቀረውን የጉልበት ጉዳት ለመታከም ሆስፒታል ገብቶ ሳለ፣ በማደንዘዣ ውስጥ እንዳለ ልቡ ቆሞ በ53 ዓመቱ ዐረፈ።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2005 የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ማለት የቀድሞው ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ፣ ፕሬዚዳንት ስለ ተፈጸመው በደል ለድሬክ ዩኒቨርሲቲ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ። መንጋጋው ከተሰበረ 54 ዓመት፣ ከሞተ 22 ዓመት ሆኖት ነበር። ይቅርታው መልካም ነው፤ ይቅር የሚለው ሰው ግን አልነበረም። ድሬክ በ2006 የስታዲየሙን ሜዳ በስሙ ሰየመ፤ በ2010 ደግሞ በኤድመንተን የጆኒ ብራይት ትምህርት ቤት ተከፈተ።

እኛም ክርክራችንን በዚህ ፈጸምን። ሸሸ ያልነው ሰው በሄደበት አገር ለሌላው ልጅ መምህር ሆኖ ኖሯል። በደሉ አልተረሳም፤ መረሳትም የለበትም። ይሁን እንጂ የመቱት ሰዎች ሕይወቱን እንዲወስኑለት አልፈቀደም። እኛ ተማሪዎች በአንድ ፈተና ስንወድቅ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለናል። በሚመጣው ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ወድቆ ቢያዝን፣ ይህን ገጽ ገልጦ የአምስት ሜትሩን ሰው እንዲያስታውስ እንመኛለን።