እውነት ተረት ሲባል፣ ተረት ታሪክ ሲሆን

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1928 በኮሎምቢያዋ የሲዬናጋ ከተማ፣ የሥራ ማቆም አድማ በመቱ የሙዝ እርሻ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኮሱ። አዛዡ ጄኔራል ሟቾቹ 47 ናቸው አለ፤ እውነተኛው ቁጥር ግን ዛሬም ያከራክራል።

ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ በ1967 ባሳተመው «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ልብ ወለድ ይህን እልቂት ከተአምር ጋር አጎራበተው። ቆንጆዋ ሬሜዲዮስ በቁሟ ወደ ሰማይ ስታርግ የመንደሩ ሰው አብዛኛው አምኖ ሻማ ያበራል። ከሬሳ መካከል ተርፎ «ሦስት ሺህ ሰው አለቀ» የሚለው ምስክር ግን የሚያምነው ያጣል።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩ በመጽሐፉ አላበቃም። ደራሲው በምናቡ ያገዘፈው ያ ቁጥር ውሎ አድሮ በአገሩ እንደ ታሪክ ይጠቀስ ጀመር። መዝገብ ሙታኑን በቅጡ ካልቆጠረ፣ ተረት ይቆጥራቸዋል።