የዜማ ልክ፦ ከመቋሚያ እስከ ድምፅ ማጉያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ምእመናን፤ የጥምቀት በዓል የተፈጸመበትን ምሽት አስታውሱ። ታቦቱ በሰላም ወደ መንበሩ ተመልሷል፤ መዘምራኑም ደክሟቸው፣ ግን ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ገብተዋል። በመኝታችሁ ላይ ሳላችሁ ግን በሌሊቱ ጸጥታ መካከል አንዳች የሚጮኽ ነገር በጆሯችሁ ውስጥ አልነበረምን? ድምፃችሁስ ሻክሮ ለቀናት አልተዘጋምን? ብዙዎቻችን ይህን የትጋት ምልክት አድርገን እንቆጥረዋለን። የዜማችንን ታሪክ መለስ ብለን ስንመረምር ግን አባቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት ልክ ያለው መሆኑን፣ ያንንም ልክ በቅርብ ዘመን እንደ ተሻገርነው እናስተውላለን።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት በአክሱም የተነሣ ታላቅ ማኅሌታይ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ የሠራ አባት ነው። ገድሉ እንደሚነግረን፣ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ የያዘው ጦር በቅዱሱ እግር ላይ ተተከለ፤ ደሙም ሲፈስ ሁለቱም አላወቁም።

ይህን ታሪክ ይዘን «ለዝማሬ ሲባል አካል ቢጎዳ ምን አለበት?» የምንል እንኖራለን። ነገር ግን ታሪኩን እስከ ፍጻሜው እንከተለው። ንጉሡ ደሙን ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቀለ፤ የሚሻውን ሁሉ እንዲለምነውም ፈቀደለት። ቅዱስ ያሬድም የለመነው ወርቅና ሹመት አልነበረም፤ ከከተማ ወጥቶ በምናኔ እንዲኖር እንዲያሰናብተው እንጂ። ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። እንግዲህ ቁስሉ በተመስጦ መካከል የደረሰ ድንገተኛ ነገር ነው እንጂ የዜማው ሥርዓት አይደለም። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ማኅሌታውያን ሁሉ የተማሩት እግራቸውን ማቁሰልን ሳይሆን በመቋሚያ መደገፍን ነው።

የማኅሌቱን ሥርዓት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሊቃውንቱ በቅኔ ማኅሌት በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ያዳምጣል፤ ተራው ሲደርስም ይቀበላል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ በሚቆም አገልግሎት ውስጥ ለጉሮሮም ለጆሮም ዕረፍት አለ። አቋቋሙም ከመጀመሪያው በከበሮ አይነሣም። በቁም ዜማ፣ ያለ መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ ይጀመራል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በኋላ በመረግድና በጽፋት ከበሮውና ጸናጽሉ ይሰማሉ። ድምፁ ደረጃ በደረጃ ያድጋል እንጂ በአንድ ጊዜ አይፈነዳም።

ዓመቱም ራሱ ልክ አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ዝማሜ ብቻ ይዜማል። ይህ የተደረገው ስለ ጾሙና ስለ ንስሐው ነው፤ ለጆሮ ጤና ታስቦ ነው አንልም። ሆኖም ዜማ ያለ ታላቅ ድምፅ ምሉዕ መሆኑን በየዓመቱ ያስተምረናል።

በተጨማሪም የዜማ ትምህርታችን በሮች ጆሮዎች ናቸው። በድጓው ላይ ምልክት ቢጻፍም ምልክቱ ብቻውን ዜማ አያስተምርም፤ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አፍ እየሰማ፣ እየተቀበለ፣ እየታረመ ያጠናዋል። ዜማ እስከ እኛ የደረሰው ጆሮ ለጆሮ ነው። የዘማሪ ጆሮ ሲጎዳ የሚጎዳው የአንድ ሰው አካል ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተላለፈው ዜማም ጭምር ነው።

ልኩ የተለወጠው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሠሩትን ድምፅ ማጉያ በ1915 (እ.ኤ.አ.) በምዕራባውያኑ የገና ዋዜማ በሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ለሕዝብ አሰሙ። ከዚያ በፊት የአንድ ሰው ድምፅ ወሰኑ የሳንባው ኃይል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ወሰኑ የመሣሪያው ጉልበት ሆነ። መሣሪያው በራሱ ክፉ አይደለም። በዐፀዱ ዛፍ ሥር ለተቀመጡ አረጋውያን ቅዳሴውንና ስብከቱን ያደረሰልን እርሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው «ሞንታርቦ» የምንለውን ትልቅ ማጉያ በመዘምራን ጆሮ አጠገብ አቁመን እስከ መጨረሻው ስንከፍተው ነው።

በውስጠኛው ጆሯችን፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ ረቂቃን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። በከፍተኛ ድምፅ ሲመቱ ይደክማሉ፤ ደጋግመው ሲመቱ ይሞታሉ፤ አንዴ ከሞቱም በሰው ጆሮ ውስጥ ዳግመኛ አይበቅሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊደመጥ ይችላል፤ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳልና።

የጆሮ ጉዳት ወደ ጉሮሮም ይሻገራል። ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 (እ.ኤ.አ.) እንደ ገለጠው፣ ሰው በጩኸት መካከል የራሱን ድምፅ መስማት ሲያቅተው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በማጉያ ፊት የቆመ ዘማሪም ራሱን ለመስማት ይጮኻል፤ ባለ ማጉያው ይጨምራል፤ እርሱም ደግሞ ይጨምራል። እንግዲያስ በማግሥቱ የሻከረው ድምፅ የትጋት ማስረጃ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ እርስ በርሳችን መደማመጥ ማቆማችንንም ይነግረናል። በቀኝና በግራ የቆሙት ሊቃውንት ግን አስቀድመው የሚያደርጉት ማዳመጥን ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን አድርጉ። ማጉያውን ከፍ ባለ ቦታ፣ ፊቱን ከመዘምራኑ አዙራችሁ አቁሙት። በአንድ ክንድ ርቀት ላለ ወንድማችሁ ለመናገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ድምፁ ከልክ አልፏልና ቀንሱት። በረጅም ጉዞ ላይ እንደ ቀኝና ግራው ሥርዓት እየተፈራረቃችሁ ዘምሩ፤ ውኃ ጠጡ፤ ማጉያው አጠገብ ለሚያገለግሉ የጆሮ መድፈኛ አዘጋጁ። ሕፃናትን ከማጉያው ፊት አርቁ። በስልክ መዝሙር ስታጠኑም የማዳመጫውን ድምፅ ከ60 በመቶ በታች አድርጉት። የጆሮ ጩኸቱ በማግሥቱ ካልተወ፣ ወይም የሰው ንግግር እንደ ታፈነ ሆኖ ከተሰማችሁ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጆሮ ሐኪም ሂዱ፤ ለአገልግሎት መሪያችሁም ሳታፍሩ ንገሩ። የአገልግሎት መሪዎችም እንዲህ የሚላችሁን ወጣት «ሰነፍ» አትበሉት።

በየዓመቱ ግንቦት 11 የቅዱስ ያሬድን በዓል ስናከብር የፈሰሰውን ደም ብቻ ሳይሆን ጦሩን የነቀለችውን እጅም እናስብ። ወንድማችን ተመስጦ በሚዘምርበት ጊዜ ቁስሉን ላያውቀው ይችላል፤ ቆሞ የሚያደምጠው ግን ሊያይለትና ጦሩን ሊነቅልለት ይገባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።