ሐኪሙን የሚመዝን ታካሚ

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ይባላል። በንግግር ላይ የተመሠረተው የሥነ ልቦና ሕክምና ግን ይህን አባባል በቁጥር እስኪፈትነው አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ችግሩ የመለኪያ እጦት ብቻ አልነበረም፤ ማን ይጠየቅ የሚለውም ነበር።

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው ጽሑፍ፣ ታካሚው ለሐኪሙ ያለው ወዳጃዊ ስሜት ለሕክምናው መሳካት እንደሚያግዝ ገልጾ ነበር። ይሁንና ስሜቱ ምን እንደሆነ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው። ታካሚው ቢያጉረመርም ቅሬታው ራሱ የሕመሙ ምልክት ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል። ተከሳሹ ዳኛም ከሆነ ከሳሽ ወዴት ይሂድ?

በ1936 አሜሪካዊው ሳውል ሮዘንዝዋይግ፣ የተለያዩ የሕክምና ስልቶች ውጤታቸው የሚቀራረበው በሚጋሩት ነገር ሊሆን ይችላል አለ። ከእነዚህም አንዱ የሐኪሙ ሰብእና ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ካርል ሮጀርስ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ታካሚ የሚያደርጉትን ንግግር በድምፅ እየቀረጸ አጠና። በዝግ በር የነበረው ነገር ለጥናት ተከፈተ። በ1957 ሮጀርስ ለለውጥ ያስፈልጋሉ ያላቸውን 6 ሁኔታዎች ዘረዘረ። በመጨረሻው መሠረት፣ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢረዳና ቢያከብር፣ ያ ለታካሚው ካልተሰማው በቂ አይደለም።

በ1979 ኤድዋርድ ቦርዲን ግንኙነቱን በ3 ከፈለው፦ በግቡ መስማማት፣ ወደ ግቡ በሚያደርሰው ሥራ መስማማት፣ እርስ በርስ መተማመን። በዚህ ላይ ተመሥርተው አዳም ሆርቫትና ሌስሊ ግሪንበርግ በ1989 ባለ 36 ነጥብ መጠይቅ አሳተሙ። ታካሚው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይሰጣል፤ ሐኪሙም የራሱን ይሞላል።

በ1991 ሆርቫት ከባልደረባው ጋር 24 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር፣ የሕክምናውን ውጤት በተሻለ የጠቆመው የሐኪሙ ሳይሆን የታካሚው ግምገማ ሆኖ ተገኘ። የሠለጠነው ዓይን ያላየውን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ያውቀው ነበር።

በ2018 የታተመ ሰፊ ትንተና 295 ጥናቶችንና ከ30,000 በላይ ታካሚዎችን አካትቷል። ግንኙነቱ ከውጤቱ ልዩነት ጋር የሚያያዘው 8 በመቶ ገደማ ነው። ተአምር አይደለም፤ ግን በጥናቶቹ ደጋግሞ ታይቷል። «ቀድሞ የተሻለው ሰው ነው ሐኪሙን የሚወደው» የሚል ሙግትም አለ።

ሌላው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ሐኪሙ ፊት ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት ይከብዳል፤ ስለዚህ ብዙ ታካሚዎች ከፍ አድርገው ይሞላሉ። በ2003 የታተመው ባለ 4 መስመር አጭር ቅጽ በየቀጠሮው መጨረሻ እንዲሞላ የታሰበውም፣ ጥቂት ቅናሽ እንኳ ሳይውል ሳያድር ለውይይት እንዲቀርብ ነው። ያልተጠየቀ ታካሚ ብዙ ጊዜ ቅሬታውን አይናገርም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራል። ሐኪሙም ለምን እንደቀረ ሳያውቅ ቀጣዩን ይጠራል።