ከሀራሙስ እስከ አገር ቤት፦ የስልኩ ሽቦ አልፏቸው የሄደ ሰዎች



ሀራሙስ የምንኖርም ሆንን እዚያ ሥራ የምንውል የባሕሩን ዳር ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ በባሕር ሥር ተዘርግተው ወደ ጅቡቲ የሚመጡት የመገናኛ ገመዶች ወደ የብስ ከሚወጡባቸው ጣቢያዎች አንዱ እዚሁ ሰፈራችን መሆኑን ነው። ጅቡቲ ለኢትዮጵያ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ለኢንተርኔቷም ከዋና ዋና በሮቿ አንዷ ናት። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በስልኩ የሚከፍተው ነገር በደጃችን አልፎ የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም የዚህ መስመር ታሪክ ሲነሣ ገመዱ አልፏቸው ስለሄደ ሰዎችም መነገር አለበት እንላለን፤ እኛም ለብዙ ዓመታት ከእነሱ ውስጥ ነበርንና። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ የተጀመረው በ1894 ነው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከሐዲዱ ጎንም የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ። ቤተ መንግሥት ከወደብ፣ ነጋዴ ከነጋዴ፣ ቆንስል ከአገሩ ተገናኘ።

ሽቦው ያለፈው ግን በባዶ ምድር ላይ አልነበረም። ያ በረሃ የኢሳና የአፋር ከብት አርቢዎች አገር ነው። በዚያ ዘመን ሽቦው እየተቆረጠ ለእጅና ለአንገት ጌጥ ይውል እንደነበር ይነገራል፤ ይህንንም የሚያወሩት ብዙውን ጊዜ እየሳቁ ነው። እኛ ግን ደጋግመን ስናስበው ሳቁ ጠፋብን። የስልክ እንጨት ግጦሹ ላይ ተተክሎ፣ የሌሎች ሰዎች ወሬ ቀን ከሌት በራሱ ላይ እያለፈ፣ ለእሱ አንዲት ቃል ያልደረሰው ሰው ከሽቦው ሊያገኝ የሚችለው ጥቅም ሌላ ምን ነበር?

በ1952 የተቋቋመው የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድም፣ ከእሱ በኋላ ስሙን እየለዋወጠ የመጣው የመንግሥት ድርጅትም፣ ሁላችን «ቴሌ» የምንለው ማለት ነው፣ ለረጅም ጊዜ የከተማ ሰው አገልጋይ ሆኖ ቆየ። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1999 ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ስልክን ወደ ገጠር ቀበሌዎች የማድረስ ሥራ ተያዘ።

በካናዳ ቴለስ የሚባለው የስልክ ኩባንያ በ2021 ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር የሚታረቅበትን ዕቅድ አውጥቷል። በእኛ አካባቢ ለዚህ ቅርብ ሆኖ ያገኘነው የቋንቋው ነገር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2021 ሥራ ሲጀምር ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛም ቀረበ። ሽቦው ከላዩ ያለፈው የኢሳ ሰው የልጅ ልጅ ገንዘብ የሚልክበትን ስልክ በራሱ ቋንቋ ሊያነብ ቻለ ማለት ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ ግን ያኔ ከ110 ዓመት በላይ አልፎታል። አርፍዷል ብንል ማንም አይቀየመንም ብለን እናምናለን።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የጅቡቲ መለያ ቁጥር 253፣ የኢትዮጵያ 251 ነው፤ በቁጥር እንኳ ጎረቤት ነን። ነገር ግን በሀራሙስ ቪላዎች ተቀጥረው ለሚሠሩ እህቶቻችን አገር ቤት መደወል የቀናት ደመወዝ የሚበላ ነገር ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው በባቡር መንገደኛ ይላካል፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ ዕቃ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ደግሞ በጋላፊ በኩል የሚመላለሱት ሾፌሮች ፖስታ ቤታችን ሆኑ። የአደራ ብርና ደብዳቤ በመሪው አጠገብ ተቀምጦ ስንት ቤት ደርሷል! አርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ስልክ ቤት ደጃፍ ተሰልፈን፣ ሦስት ደቂቃ ለመናገር ሁለት ሰዓት የቆምንበትን ጊዜ ልጆቻችን ተረት ይመስላቸዋል።

ሞባይሉ ሲመጣም ችግሩ በአንድ ጊዜ አልቀለለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ቢገባም፣ በእጃችን የነበሩት ስልኮች ለብዙ ዓመታት አላወቁትም። አማርኛችንን በፈረንጅ ፊደል እየጻፍን ስንላላክ፣ ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩት እናቶቻችን የልጃቸውን መልእክት ለማንበብ የሰፈር ተማሪ መለመን ነበረባቸው። ዛሬ በማኅበሩ ቤት አርብ አርብ ወጣቶቻችን ለታላላቆቻቸው ስልክ ላይ የአማርኛ መጻፊያውን ሲያስተካክሉ የምታዩት ከዚያ የተነሣ ነው።

አንድ ነገር ሳንጽፍ ብናልፍ ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ይሆናል። ከኅዳር 2020 ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ስልክ ሲቋረጥ፣ ከመካከላችን የነበረች የዚያው አገር ልጅ እናቷ በሕይወት መኖራቸውን ሳታውቅ ሁለት ዓመት ያህል ከእኛ ጋር ቡና ጠጣች። እኛ በየማዕዘኑ ከየቤተሰባችን ጋር እየተሳሳቅን በስልክ እናወራ ነበር። ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ራሳችንም አላሰብነውም። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2022 መጨረሻ መስመሩ ሲመለስ የእናቷን ድምፅ የሰማችው በማኅበሩ ቤት፣ በሁላችን ፊት ነው። ለረጅም ጊዜ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር።

በነሐሴ 2023 ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ከጎጃምና ከጎንደር የመጣን ሰዎች ልጆቻችንን በቪዲዮ ማየት ቀረብን። በዚያው ሳምንት አርብ ይህች እህት ቀድማን መጣች፤ የስልክ ካርድ ገዝታ ነበር። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «በመደበኛው ደውሉ፣ እኔ ዛሬ የምደውልለት የለኝም» አለችን።