ስካውትና ሴቶች ልጆቻችን፤ አብረው ወይስ ለየብቻ?

ማኅበራችን ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት በወላጆች መካከል አንድ ጥያቄ ተነሥቷል። እዚህ ናይሮቢ ለሚያድጉት ልጆቻችን የስካውት ቡድን እናቋቁም ሲባል፣ ሴቶቹና ወንዶቹ አብረው ይሁኑ ወይስ ለየብቻ? መልስ ከመስጠታችን በፊት ታሪኩን ማየት ይበጃል እንላለን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የስካውት መሥራች ሎርድ ቤደን ፖዌል ለእኛ ሩቅ ሰው አይደሉም። የመጨረሻ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከናይሮቢ በስተሰሜን በምትገኘው በኒየሪ ከተማ ሲሆን፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1941 አርፈው እዚያው ተቀብረዋል። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ መሐሉ ነጥብ ያለበት ክብ ተቀርጿል፤ በስካውቶች የመንገድ ምልክት ወደ ቤቴ ሄጃለሁ ማለት ነው። የሴቶቹ የዓለም መሪ የነበሩት ባለቤታቸው ሌዲ ኦላቭም በ1977 ሲያርፉ አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ ከባላቸው መቃብር ገባ።

አጀማመሩ ግን የወንዶች ብቻ ነበር። በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት በተደረገው የመጀመሪያ ካምፕ 20 ያህል ወንዶች ልጆች በአራት ጓድ ተከፍለው ሠለጠኑ። በ1908 የወጣው መጽሐፍም የተጻፈው ለወንዶች ልጆች ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ሴቶችም አነበቡት። ሴትነታቸው እንዳይታወቅ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ እየጻፉ የተመዘገቡም ነበሩ። በሴፕቴምበር 1909 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ ትልቅ ሰልፍ ሲደረግ ጥቂት ሴቶች ልጆች እንደ ስካውት ለብሰው መጡ፤ እንደ ስካውትም እንዲቆጠሩ ፈለጉ።

የዚያ ዘመን ወላጅ ግን ሴት ልጁ ከወንዶች ጋር ሜዳ ስትውል ማየት አይወድም ነበር። ወንዳወንድ ትሆናለች የሚል ሥጋትም ነበር። ስለዚህ በ1910 «ገርል ጋይድስ» የተባለው የሴቶች ድርጅት በመሥራቹ እኅት በአግነስ መሪነት ለብቻው ተቋቋመ።

እንግዲህ መለያየቱ የመጣው ሴቶቹ ሥልጠናው ስላቃታቸው ሳይሆን በዘመኑ ልማድ ምክንያት ነው። ቢሆንም ጥቅም አልነበረውም አንልም። ለብቻቸው በመሆናቸው አለቃውም፣ አሠልጣኙም፣ ገንዘብ ያዡም ሴት ሆነ፤ ብዙዎች መምራትን የተማሩት በዚያ ነው።

ኋላ ልማዱ ተለወጠ። እንግሊዞች በ1976 ከፍ ያሉትን ሴቶች ወደ ስካውት አስገቡ፤ በ1991 በሁሉም ዕድሜ ፈቀዱ፤ በ2007 ደግሞ ለቡድኖች ሁሉ ግዴታ ሆነ። የአሜሪካው የወንዶች ስካውት በ2018 ትንንሾቹን ሴቶች፣ በ2019 ታላላቆቹን ተቀበለ፤ ለታላላቆቹ ግን የሴቶችና የወንዶች ቡድን ለየብቻ አድርጎ ነበር የጀመረው። እዚህ ኬንያ ደግሞ የስካውት ማኅበሩ ሴቶችንም ሲቀበል፣ የገርል ጋይድስ ማኅበር የሴቶች እንደሆነ ቀጥሏል። ሁለቱም መንገድ አለ ማለት ነው።

በአገራችንም በንጉሡ ዘመን ስካውት በትምህርት ቤቶች ይታወቅ ነበር፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን ተቋረጠ። ከእኛ ብዙዎቻችን ስለ ስካውት የምናውቀው ከታላላቆቻችን የሰማነውን ብቻ ነው። ልጆቻችን እንደኛ በወሬ ብቻ እንዲያውቁት አንፈልግም።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ቁጥራችን ትንሽ ነው፤ ለሁለት ብንከፍለው ሁለቱም ቡድን ይሞታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ቡድኑ አንድ ሆኖ ሥራው ለሁሉም ቢከፋፈል ይሻላል። ሴቶቹ ግን የራሳቸው ጓድና ከመካከላቸው የመረጧት አለቃ ትኑራቸው። ከአሠልጣኞቹ መካከል እናቶች ይኑሩ። ማደሪያ ድንኳኑ ለየብቻ ይሁን፤ የወላጆች ሥጋት ተገቢ ነውና። ካርታ ማንበቡ፣ የመጀመሪያ እርዳታውና ገመድ አቋጠሩ ለሁሉም እኩል ይሰጥ። ካምፕ ሲወጡም ድስቱ ለሴቶች፣ እሳት ማንደዱ ለወንዶች ተብሎ እንዳይከፈል አደራ እንላለን። አብረው ተሰልፈው ሴቶቹ ዕቃ አጣቢ ብቻ ከሆኑ፣ ለብቻቸው ቢሆኑ በተሻላቸው ነበር።

በ1909 እነዚያ ልጆች የመጡት ማንም ሳይጠራቸው ነው። የእኛዎቹን እኛው እንጥራቸው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንላችሁ!